ልጅቷን ማን ይያዛት? በጉባ ወረዳ፣ በአንዲት ሕፃን ላይ የተካሄደ ጥናት

ጉባ ላይ «መያዝ» የሚለው ግስ በሚገባ ተጠንቷል። ርዝመቱ ወደ 1,800 ሜትር የሚጠጋ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዴት እንደሚይዝ፣ ውሃው በጎን እንዳያመልጥ ደግሞ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የኮርቻ ግድብ እንዴት እንደሚያግዘው፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ከተቀመጠበት ዕለት አንሥቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 እስከተመረቀበት ድረስ ያልተጻፈ፣ ያልተነገረ፣ ያልተከራከሩበት ነገር የለም። በዚሁ ወረዳ፣ ማንኩሽ ከተማ ውስጥ፣ ሰባት ኪሎ የማትሞላ አንዲት ሕፃን ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ማን እንደሚይዛት ግን የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

የጥናቱ ናሙና አንድ ነው። ሴት፤ ነሐሴ 25 ቀን 2017 የተወለደች፤ ግድቡ ሲመረቅ የአሥር ቀን አራስ የነበረች። ናሙናዋ በምን መስፈርት ተመረጠች ለሚል፣ እኛ ቤት ስለተወለደች ነው። አጥኚው አባቷ መሆኑ የገለልተኝነት ጥያቄ ሊያስነሣ እንደሚችል አይካድም። ገለልተኛ ሰው ቢገኝማ ልጅቷን እሱ ይይዛት ነበር፤ ጥናቱም ባላስፈለገ።

በመስኩ የገነነው ንድፈ ሐሳብ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ነው። ደራሲው አይታወቅም፤ ልጅ ይዞ የማያውቅ ሰው መሆኑ ግን ካነጋገሩ ያስታውቃል። ንድፈ ሐሳቡን ለመፈተን ስምንት ወር ተከታትለናል። ዕድል የተባለችው አካል በእነዚህ ስምንት ወራት አንድም ቀን ዳይፐር ስትቀይር አልታየችም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥታ እሽሩሩ ስትልም አልተሰማችም። ሆኖም ልጅቷ አድጋለች፤ ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡ አሁንም እንደጸና ነው፤ የደከመውም ሰው አይጠቀስም።

ወደ ሕጉ እንግባ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከነደመወዟ ይፈቅዳል። ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ታነሣለች። ጤና ጣቢያው ደግሞ ስድስት ወር እስኪሞላት ከእናት ጡት በስተቀር ውሃም ቢሆን እንዳታቀምሷት ይላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው። ሦስቱ ተቋማት አንድ ላይ ተቀምጠው እንደማያውቁ የሚታየው ሒሳቡ ሲሠራ ነው። ልጃችን ኅዳር 9 ክርስትና ተነሣች። የእናቷ ፈቃድ ኅዳር 19 አለቀ። ጡቱ እስከ የካቲት ማብቂያ ይፈለጋል። ማለትም የክርስትናው ድስት በወጉ ሳይታጠብ እናቷ ቢሮ ገባች፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራትም በሐኪም የጡት፣ በሕግ የሥራ ሆኑ። ሕግ አውጪው ልጅ በ91ኛው ቀን ራሷን ትችላለች ብሎ አስልቶ ይሆናል። ጉዳዩን ለልጅቷ አቅርበንላት ነበር። የግራ እግሯን ጣት አፏ ውስጥ እንደከተተች አዳመጠችን።

ለአባት ያው አዋጅ ሦስት ተከታታይ ቀን ይሰጣል። ሠራተኛ ሲያገባ ሦስት የሥራ ቀን፣ የቅርብ ዘመድ ሲሞትበትም ሦስት የሥራ ቀን ያገኛል። ሠርግ፣ ሞትና ልደት በአንድ ሚዛን ተለክተዋል ማለት ነው፤ «ተከታታይ» እና «የሥራ ቀን» የሚሉት ቃላት ግን አይተካከሉም። ቅዳሜ ዕለት ልጅ የተወለደለት አባት እሑዱ ይቆጠርበታል፤ ቅዳሜ ዕለት ዘመድ የሞተበት ሰው እሑዱ አይቆጠርበትም። ከልደት ይልቅ ሐዘን በተሻለ የተደራጀ መሆኑን አንባቢ ይያዝልኝ፤ መጨረሻ ላይ ያስፈልገናል። አጥኚው ራሱ ቤቱ ተቀምጦ ሪፖርት የሚተረጉም ስለሆነ ቀጣሪም፣ ሦስት ቀንም የለውም።

የሕፃናት ማቆያን በተመለከተ፣ በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ልጆቻቸውን የሚያቆዩበት ቦታ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ማቆያ የከፈቱ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ባለቤቴ መንግሥት ቤት አትሠራም፤ ማንኩሽም አዲስ አበባ አይደለችም። ያም ሆኖ የምትሠራበትን ድርጅት ጠይቃ ነበር። «የዕቃ ክፍሉ ሲለቀቅ እናያለን» ተባለች። ክፍሉ ውስጥ ሁለት እግራቸው የተሰበረ ወንበሮችና አንድ የማይሠራ ማተሚያ አሉ። ማተሚያው ማቆያ አግኝቷል።

አሁን «ከቤት ሆኖ መሥራት» የሚለውን ሐረግ መበየን ግድ ይላል። በአገራችን ሐረጉ በሰፊው የተሰማው መጋቢት 2012 ላይ ነው። ወር በገባ በ4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገለጸ፤ በ7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶም የፌዴራል ሠራተኞች ከቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ተነገራቸው። ሠራተኛውና ልጁ በቀናት ልዩነት አንድ ክፍል ውስጥ የተዘጋባቸው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ለዚህ ሁኔታ በአማርኛ የነበረው ቃል «ቤት መዋል» ነበር። ቤት የዋለ ሰው ሥራ የለውም፤ ቋንቋው በዚህ ላይ አይደራደርም። ሴት ቤት ዋለች ከተባለ እንጀራ ጋግራ፣ ውሃ ቀድታ፣ ልጅ አጥባ፣ ልብስ አጥባ ውላለች፤ ግን «ምን ትሠራለች?» ሲባል «ኧረ ቤት ነው ያለችው» ነው መልሱ። አጥኚውም ማንኩሽ ላይ የሚታወቀው በዚሁ ነው። ጎረቤቶቻችን ጧት ጧት «ዛሬም ቤት ነህ?» ይሉታል፤ በድምፃቸው ውስጥ ያለው የሐዘኔታ መጠን ከወር ወር ጨምሯል።

በተግባር ሲታይ የአጥኚው የሥራ ሰዓት ልጅቷ የምትተኛበት ሰዓት ነው። እስካሁን ከተመዘገበው ሁሉ ረጅሙ የቀን እንቅልፍ 40 ደቂቃ ነው። ልጅቷ በነጎድጓድ አትነቃም፤ በበሬ ግሣት አትነቃም፤ በአውራ መንገዱ በሚያልፍ ሲኖትራክ አትነቃም። ላፕቶፕ ሲከፈት በሚያሰማው «ጭልጥ» በሚል ድምፅ ትነቃለች። ምክንያቱ አልታወቀም። በዚህ ዘመን አጥኚው እየተረጎመ የነበረው ሰነድ ሴቶችን በኢኮኖሚ ስለማብቃት የተጻፈ ሲሆን ገጽ 14 ላይ ስምንት ሳምንት ቆሟል። ገጽ 14 መቅድሙ ነው።

ፈቃዱ ከማለቁ በፊት የሦስትዮሽ ድርድር ተካሂዷል። ተደራዳሪዎቹ እናት፣ አባትና ከእንጅባራ የመጡት አማቴ ነበሩ። አንባቢ እንደሚያስታውሰው በግድቡ ላይ የተካሄደው ሌላኛው የሦስትዮሽ ድርድር መጋቢት 14 ቀን 2007 ካርቱም ላይ 10 መርሆችን አስገኝቷል፤ ከነዚህም ውስጥ «ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም» እና «ጉልህ ጉዳት አለማድረስ» ይገኙበታል። እኛም ሁለቱን እንዳሉ ወሰድናቸው፤ ሰነድ ከመጻፍ ያድናል። ችግሩ የመጣው ከአራተኛው ወገን ነው። ልጅቷ የታችኛው ተፋሰስ ነች፤ ወተቱን አታመነጭም፤ በሙሉ ግን የእኔ ነው ትላለች። ይህንንም በታሪካዊ መብት ታስደግፋለች፤ ከተወለደች ጀምሮ ስትጠባ ነበርና። ድርድር ሲጀመር ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ ደግሞ ጡት ይሰጣታል፤ ስለዚህ አቋሟን የምትለውጥበት ምክንያት የለም።

እናቷ ጧት አልባ በጡጦ የምታስቀምጠውን «የመጀመሪያው ዙር ሙሌት» አልነው። ሙሌቱ በዕቅዱ መሠረት ተከናወነ። ልጅቷ ጡጦውን ቀመሰችው፤ አየችን፤ ከዚያ በሩን አየች፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰሙት እስከ ሦስተኛ ቤት ያሉ ጎረቤቶች ናቸው። ሁለተኛው ዙር ሙሌትም በጉባ ሙቀት ሰዓታት ሳይቆይ ጎመዘዘ። ማቀዝቀዣ አላችሁ ወይ ለሚል፣ አለን። ማቀዝቀዣው መብራት ይፈልጋል፤ ያን ቀን መብራት አልነበረም። የምንኖረው ጉባ መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስ አጥኚው አይገፋፋም።

አማቴ እስካሉ ድረስ ግን ነገሩ ሁሉ ይሠራ ነበር፤ ይህን መመስከር ይገባል። የደጋ ሰው ናቸው። እንጅባራ ጋቢ ሳይደርቡ በማያመሹበት አገር አድገው ጉባ ላይ በቀጭን ቀሚስ ብቻ፣ ፊታቸውን በነጠላ ጫፍ እያራገቡ፣ ልጅቷን በአንቀልባ አዝለው ይውሉ ነበር። ከጀርባቸው ሆና እናቷ ቢሮ መሄዷን ረስታው ትውላለች። «እማማ፣ ትንሽ ልቀበልዎት?» ስላቸው «አንተ ጽሑፍህን ጻፍ ልጄ፤ ይሄ የወንድ ወገብ አይችለውም» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ሳይንሳዊ ማስረጃ ስላላገኘሁበት ሳልከራከር ተቀበልኩት። ሌሊት ግን ወገባቸውን በቅባት ሲያሹ አይቻለሁ። የአያት ጉልበት በየትኛውም አዋጅ አልተጻፈም፤ ደመወዝ የለው፣ ፈቃድ የለው፣ ጡረታ የለው። አገሪቱ ውስጥ ስንት ቢሮ በአያት ወገብ ላይ ቆሞ እንደሚሠራ የሚቆጥር ቢኖር፣ በመሥሪያ ቤቶቹ በር ላይ ሐውልታቸው ይቆም ነበር።

አማቴ ፈቃድ የለኝም ብለው አልቀሩም፤ ራሳቸው ወሰዱት። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ማኅበሩ በ1932 ከተመሠረተ ጀምሮ የሚከበር በዓል ነው፤ የወንድማቸው ልጅ ዘንድሮ ፈረስ ሊጋልብ ነበር። «አይቼ እመለሳለሁ» ብለው ጥር 20 ተነሡ። እስካሁን እያዩ ነው። አንቀልባውን ትተውልን ሄደዋል።

ቀጥሎ የመጣው የደላላው ዘመን ነው። ደላላው ቻግኒ የተቀመጠ የስልክ ድምፅ ነው። «ልጅ የምትወድ አለች» አለን፤ ሁሉም ደላላ ጋ ያለችው ልጅ የምትወድ ናት። ተያዥ አላት ወይ አልነው፤ እኔ አለሁ አለ። የመጣችው ዕድሜዋን አሥራ ዘጠኝ ነው ያለች፣ ግንባሯ ላይ የአሥራ ስድስት የሚመስል ነገር ያላት ልጅ ነበረች፤ እና በእውነት ልጅ ትወድ ነበር። አጥኚው ስለ እሷ ሕጉን ሲያገላብጥ የተገኘው ይህ ነው፦ ባለቤቴን ወደ ሥራ የመለሳት አዋጅ ቁጥር 1156 ቤት ለምትሠራው ልጅ አይደርስም፤ የግል አገልግሎት ቅጥር በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወሰናል ብሎ ያልፋታል። የቤት ሠራተኛን በተመለከተ ጥቂት አንቀጾች የሚገኙት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። የስምንት ሰዓት ቀንም፣ የ90 ቀን የወሊድ ፈቃድም የእሷ አይደሉም። አንዷ ወላድ ወደ ሥራ እንድትመለስ ሌላዋ ሕጉ ሥራ ወደማይለው ቦታ ትገባለች። የእሷን ልጅ፣ ስትወልድ፣ ማን እንደሚይዝላት አልጠየቅናትም፤ ከጥናቱ ወሰን ውጪ ነው።

ለፋሲካ፣ ሚያዝያ 4፣ እናቷን ልትጠይቅ ሄደች። ቀሚስና አንድ ኪሎ ቡና አስይዘን ሸኘናት። ከሄደች በኋላ ደላላው ጋ ስንደውል «ዐረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት እያወጣች ነው» አለን፤ ደስታው በድምፁ ይሰማል። ልጅ የምትወድ ሌላ እንዳለችም አልደበቀንም።

እዚህ ላይ አንድ የመስክ ምልከታ ይመዝገብ። ከኛ በታች ያሉት የጉሙዝ ጎረቤታችን ጧት ወደ እርሻ ሲወርዱ ረጅም ዘንግ በትከሻቸው አጋድመው፣ በአንዱ ጫፍ ቅል፣ በሌላው ቅርጫት አንጠልጥለው፣ ሕፃኑን ጀርባቸው ላይ አስረው ነው። ማሽላውን ኮትኩተው፣ እንጨት ለቅመው፣ ውሃ ይዘው ሲመለሱ ሕፃኑ እዚያው ጀርባቸው ላይ ተኝቶ ነው የሚመለሰው። ወደ ሥራ አልተመለሱም፤ ከሥራ ወጥተው አያውቁምና። ሸክሙ ሲከብዳቸው ሕፃኑ ወደ ታላቅ እህቱ ጀርባ ይዛወራል። ታላቅ እህት የዚህች አገር ትልቁ የሕፃናት ማቆያ ነች፤ ደጋም ቆላም፤ እኛም ብዙዎቻችን እዚያ ነው ያደግነው። ከትምህርት ቤት ስትቀር መምህሩ «ቀሪ» ብሎ ይመዘግባታል፤ «ሥራ ላይ» የሚል ዓምድ መዝገቡ ላይ የለም።

እኚሁ ጎረቤት ናቸው ከበራችን ላይ ቆመው፣ ልጅቷን በሁለት እጄ እንደ ብርጭቆ ዕቃ ይዤ ስዞር ሲያዩኝ፣ «አንቀልባ አለህ፤ ጀርባ አለህ» ያሉኝ። አስተያየቱ በሥነ ጽሑፍ ዳሰሳችን ውስጥ አልተገኘም ነበር።

ሙከራው የተካሄደው በገበያ ቀን ነው። አጥኚው ልጅቷን በአማቱ አንቀልባ አዝሎ ሙዝ ሊገዛ ወደ ገበያ ወረደ። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ጀርባውና የልጅቷ ሆድ በላብ አንድ ሆነዋል። ልጅቷ ግን ከተወለደች ጀምሮ ታይቶባት በማያውቅ እርጋታ ተኛች፤ ከሚያልፈው ሰው ሁሉ ፊት ላይ የሚነበበውን ነገር አላየችም። ሙዝ ሻጯ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ቀና ብላ አጥኚውን አየች፤ አንቀልባውን አየች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ ወንድሜ… እናቷስ?»

«የለችም» አለ አጥኚው፤ «ሥራ ናት» የሚለውን ግን ወፍጮው ወሰደው።

«እግዜር ያጽናህ!» አለች፤ የሙዙንም ሒሳብ አልቀበልም አለች።

ሽንኩርት ሻጯ ሰማች። ጨው ሻጩ ባርኔጣውን አወለቀ። አጥኚው ለማረም ሁለት ጊዜ አፉን ከፍቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ «አይዞህ፣ አትናገር፤ ወንድ ልጅ ሆድ ሲብሰው ነው» ተባለ። ቤቱ ሲደርስ ከገበያው ዳር የሆኑ ሦስት ሴቶች ተከትለውት ነበር። አንዷ ልጅቷን ከጀርባው ተቀበለች። ሁለተኛዋ ምድጃውን አገኘች። ሦስተኛዋ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አራት ቀን የከረመውን የልጅ ልብስ ዘፈዘፈች። ሰባት ሰዓት ላይ አግዳሚ ወንበር ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ደጁ ላይ ተዘረጋ። የመጣው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ልጅቷን ይቀባበላል። ከእቅፍ እቅፍ ስትዞር አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀሰችም።

አጥኚው በዚህ ጊዜ ስህተቱን ማረም ነበረበት የሚል ትችት ሊነሣ ይችላል። ትችቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ጥናትን ለውጤት በደረሰ ሰዓት ማቋረጥ ከሙያ ሥነ ምግባር ጋር አይሄድም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ የልጅቷን ዘጠኝ ሰዓት የሚሸፍን ተቋም ሲፈልግ ኖሮ አሁን ነው ያገኘው። አዋጅ አላስፈለገውም። በጀት አላስፈለገውም። የዕቃ ክፍል አላስፈለገውም። አንድ ሰው መሞቱ ብቻ በቂ ነበር። አጥኚው ጥግ ይዞ ላፕቶፑን ከፈተ፤ «ጭልጥ» አለ፤ ልጅቷ አልነቃችም። አንዲት ሴት «ለቢሮው እየጻፈ ነው፣ ሦስት ቀን እንዲሰጡት» ስትል ተሰማች። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል ሥራው ከገጽ 14 ወደ ገጽ 31 ተሻገረ።

ባለቤቴ ሩብ ጉዳይ ለአሥራ ሁለት ላይ ደረሰች። በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል። ደጅ የተቀመጡትን አየች፤ አታውቃቸውም። ጎረቤት የሆነ ነገር ደርሶበት እኛ ቤት የተሰበሰቡ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ጎንበስ ብላ ገባችና ከሙዝ ሻጯ ጎን ተቀመጠች። ቡና ተሰጣት። ግማሹን ጠጥታ፣ በሹክሹክታ፣

«ማን ነው የሞተው እህቴ?» አለች።

«የዚህች ሕፃን እናት» አለች ሙዝ ሻጯ፣ ልጅቷን እየጠቆመች። «ምስኪን፣ ገና ጡት አልጣለችም።»

ባለቤቴ ልጅቷን አየች። ጥጉን አየች። አጥኚው ገጽ 32ን ጀምሮ ነበር።

«ነፍስ ይማር» አለችና፣ እጇን ዘርግታ ልጅቷን ተቀብላ ጡቷን አጎረሰቻት።